ልጄን ሳላሳቅቅ ክብደቱን እንዴት ላስተካክል? (የባሕር ዳር ወላጆች ክር)

የመነሻው ጽሑፍ

ጥያቄውን ያነሳችው ሽምብጥ የምትኖር እናት ናት። ልጇ 9 ዓመቱ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል። ሳል ይዞት ልታሳክመው ስትወስደው ሚዛን ላይ ወጣ፤ 37 ኪሎ ሆነ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ36። ያየው ባለሙያ ክብደቱ ከዕድሜው አለፍ ማለቱን ነግሯት፣ ምግብ ይቀንስ ብሎ ሸኛቸው። ይህ ሁሉ ሲባል ልጁ እዚያው ቆሞ ይሰማል። ቀድሞም በአንድ ሠርግ ላይ የአጎቱ ልጆች «ድብልብል» የሚል ስም አውጥተውለት ነበርና፣ ከሐኪም ቤት መልስ ነገሩ ባሰ። በዚህ በመጋቢት ሙቀት፣ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው እንኳ በሚያልበው ወር፣ ትምህርት ቤት ሹራቡን አላወልቅም ብሏል። ማታ ልታጥበው ስታነሳው አንገትጌው ላይ የላብ ጨው ደርቆ ታገኛለች። ልጁ ጤናማ ክብደት ላይ እንዲደርስ ትፈልጋለች፤ ጉዳዩ ግን የቤቱ ወሬ እንዲሆን፣ ልጁም በጎረሰ ቁጥር ሆዱን እንዲያስብ አትፈልግም። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ ወይ? ነው ጥያቄዋ።

ክሩ በጣም ስለረዘመ፣ አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይሰለች መልሶቹን በራሴ አነጋገር አሳጥሬያቸዋለሁ። የሰዎቹን መጠሪያ ትቼዋለሁ፤ ሁላችንም እዚሁ ከተማ ውስጥ የምንተያይ ነን።

መልስ 1። የሦስት ልጆች አባት ነው፣ አባይ ማዶ የሚኖር። ልጅ ሲረዝም ውፍረቱ በራሱ ይሄዳል፣ እኔም ልጅ ሆኜ እንዲያው ነበርኩ፣ አትጨነቂ ይላል። መልሱ ደግ ነው፤ ለጥያቄው ግን ምንም አይጨምርም።

መልስ 2። ስሌት የሚወድ ሰው መጣ። 37ን በቁመቱ ካሬ አካፍሎ 20 አገኘ። ከ18.5 እስከ 25 ያለው ጤናማ ስለሆነ ልጁ ምንም የለበትም፣ እንዲያውም ወደ ቅጥነት ያደላል ብሎ ፈረደ። ብዙ ሰው ወዲያው አመሰገነው።

መልስ 3። ክሩ መልክ የያዘው እዚህ ጋ ነው። ሕፃናት ክፍል የምትሠራ ነርስ፣ የወንድሜ ስሌት ልክ ነው፣ መለኪያው ግን የጎልማሳ ነው ስትል በትሕትና አረመችው። ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉት የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው የራሳቸው መለኪያ አለ። በዚያ መሠረት የ9 ዓመት ወንድ ልጅ መካከለኛው ቁጥር 16 ነው፤ ከ18 ገደማ ሲያልፍ ክብደቱ ከልክ አልፏል ይባላል፤ ወደ 21 ሲጠጋ ውፍረት የሚባለው ደረጃ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ 20 የሚያስደነግጥ ባይሆንም ችላ የሚባልም አይደለም። ቀጥላ የጻፈችው ነው ለእኔ የክሩ እንብርት። ልጁ 37 ኪሎ ላይ እንዳለ ቢቆይና በዓመት ውስጥ እንደ እኩዮቹ 5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትር ቢረዝም፣ ቁጥሩ ወደ 18 ተኩል ይወርዳል፤ የ10 ዓመት ልጅ ከልክ አልፏል የሚባልበት መስመር ደግሞ ራሱ እዚያ ላይ ነው። አንዲት ኪሎ መቀነስ አይጠበቅበትም። ቤቱ ትንሽ ይስተካከል፣ የቀረውን ቁመቱ ይሠራዋል። ልጁን ማስራብማ የሚያድግበትን አጥንትና ጡንቻ መንሳት ነው።

መልስ 4። ባለስሌቱ ተመልሶ መታረሙን በጸጋ ተቀበለ፤ ግን ትንሽ አጉረመረመ። ባለሙያው ይህን ሁሉ ያውቅ ከሆነ ምግብ ቀንሱ ብሎ ለምን አለፈው?

መልስ 5። ነርሷ ስለማላየው ሰው አልፈርድም ብላ፣ ሊቀነስ የሚገባውን ነገረችን። መጀመሪያ የሚጠጣውን። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው፤ በሻይ ማንኪያ ስምንት ገደማ። የዓለም ጤና ድርጅት ስኳር ከቀኑ ጉልበት ከመቶ 10 እጅ በታች፣ ቢቻል 5 እጅ እንዲሆን ይመክራል። ለ9 ዓመት ልጅ አንዷ ጠርሙስ የቀኑን ድርሻ ትጨርሰዋለች ማለት ይቻላል። እንጀራውንና ሽሮውን ተዉለት ነው የምትለው።

መልስ 6 እና 7። ጁስ ቤት ያለው ሰው ተቆጣ። የባሕር ዳር ማንጎ ከለስላሳ ጋር እንዴት በአንድ ይቆጠራል? አንዲት እናት መለሰችለት፦ ማንጎውን ልጁ ቆርጦ ቢበላው ማንም አይከለክልም፤ ግን አንዱ ብርጭቆ ውስጥ ስንት ማንጎ እንደሚገባ፣ ከላይም ስኳር እንደሚጨመር እርሱ ራሱ ያውቃል። ደግሞም የተጨመቀ ፍራፍሬ ስኳሩ ከለስላሳው ጋር ነው የሚቆጠረው። ሰውየው ያለ ስኳር ለሚያዝ ደስ ብሎት እንደሚሠራ ጽፎ ሰላም ወረደ።

መልስ 8። ይቺን እናት አደንቃታለሁ፣ አልሸፋፈነችም። ብስኩቱን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበት ቁልፉን አንገቷ ላይ ታደርግ ነበር። ለበዓል ቤት ስታጸዳ የሴት ልጇን ፍራሽ ብታነሳ ሥሩ የብስኩት ወረቀት ተነጥፎ አገኘች፤ እያንዳንዱ በጥንቃቄ ለሁለት ታጥፏል። ልጅቷ ከሱቅ መልስ ሳንቲም እያጠራቀመች ትገዛ ነበር። ኪሎዋ አልቀነሰም፤ ተደብቆ መብላት ግን ለመደች።

መልስ 9። ከተቆለፈ ነገር ያልተገዛ ነገር ይሻላል የሚል አጭር መልስ ነው። ቤት ውስጥ ከሌለ የሚከለከልም የለም። ለእንግዳ ተብሎ የሚገዛም ካለ ለሁሉም እኩል ይቅረብ። ቀጭኗ እህት ብስኩት ተሰጥቷት እርሱ ካሮት የሚሰጠው ከሆነ፣ ማንም ባይናገርም ተነግሮታል።

መልስ 10። ሐሳቡ ጥሩ የሚመስል ሰው፣ ልጁ ምን ያህል እንደበላ ይታወቅ ዘንድ ለብቻው በሳህን ይቅረብለት አለ። ከትሪ ላይ ሲበላ መጠኑ አይታይም፣ እናቱም መቆጣጠር አትችልም።

መልስ 11። እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጎርደማ የሚኖር አባት በግልጽ ተቆጥቶ ነው የጻፈው። በእኛ ቤት ከማዕድ ተለይቶ የሚበላው የታመመ ነው፤ ልጁን ከእህትና ወንድሞቹ ለይተህ ሳህን ስትሰጠው ጉዳይ አላደረግኩትም ልትል ነው ወይ? ከዚህ በላይ ምን ጉዳይ አለ? ስለ ትሪው ረዘም አድርጎ ጽፏል፦ ልጅ መጠበቅን፣ ለሌላ መተውን፣ ከፊቱ መብላትን የሚማረው እዚያ ነው።

መልስ 12። 10 ቁጥሩ ክፉ አስቤ አይደለም ብሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ነገር ግን ትሪው ላይ የሚሆነውን ማንም አይቆጣጠረው ከተባለ መፍትሔው ምንድን ነው ሲል መለሰ። ጥያቄው ተገቢ ነበር።

መልስ 13። ነርሷ ናት፣ ይህኛውም መልሷ ይነበብ። የምን፣ የመቼና የየት ጉዳይ የወላጅ ነው፤ የስንት ጉዳይ የልጁ። እናት ትሪው ላይ የሚፈሰውን ትወስናለች፤ ጎመኑን ጨመር፣ የወጡን ዘይት ቀነስ፣ ከተገኘም የዳጉሳ እንጀራ። ሰዓቱንም ትወስናለች፤ ቁርስ፣ ምሳ፣ መክሰስ፣ እራት፣ በመካከል እየተመላለሱ መነካካት የለም። ልጁ ከዚያ ውስጥ ምን ያህል እንደሚበላ ራሱ ይወስን። ጠገብኩ ሲል ጨርስ አይባል፤ ጨምሩልኝ ሲል አይገላመጥ። እህል አይጣልም የሚለውን ወግ የምታከብር እናት መጀመሪያውኑ ቀነስ አድርጋ ታቅርብ፤ የተረፈው የነገ ፍርፍር ነው። ቁርስ ማስቀረት ግን አይሞከር፤ ተርቦ የዋለ ልጅ ማታ ላይ ያካክሰዋል።

መልስ 14። እኚህ እናት ልጆቻቸው ሲጽፉላቸው ነው የሚሳተፉት። አያት ነኝ ብለው ጀመሩ። ክሩ ውስጥ ስለ አያቶች ጉርሻ እየተሾፈ ስለነበር (እነዚያን መልሶች ዘልያቸዋለሁ) ከፍቷቸዋል። የ77ቱን ድርቅ በዓይናቸው አይተዋል። ጉንጩ የሞላ ልጅ ሲያዩ ደኅና ነው፣ ክረምቱን ይሻገራል የሚል ነው የሚሰማቸው፤ በእርሳቸው ዘመን ወፍረሃል ማለት ምስጋና ነበር። ስለዚህ አያቲቱን አታጉርሺ ብሎ እጇን መያዝ ፍቅሯን መመለስ ነው ይላሉ። ቀጥለው ግን ያልጠበቅነውን ሐሳብ አመጡ፦ እኛን ከመከልከል ሌላ የምንሰጠው ነገር ስጡን። ልጁ ጧት ጊዮርጊስ ድረስ በእግሩ ይሸኘኝ፣ ሲመለስ ተረት ልንገረው፣ ብርቱካን ልላጥለት። ጉርሻ አንዴ ይበቃል፤ የመጀመሪያዋ ናት የፍቅር።

ከዚህ በኋላ እማማ እያሉ ያመሰገኗቸውን ብቆጥር ገጹ አይበቃም።

መልስ 15። ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ ወጣት ነው። በልጅነቱ ወፍራም ነበር። ወላጆቹ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩትም፤ አክስቶቹ ግን በር ላይ ገና ሳይስሙት ስለ ሆዱ ይጀምሩ ነበር። ዘመድ ቤት መሄድ አስጠላው። በዓል ሲደርስ ሆዴን አመመኝ ማለት ለመደ፤ ሁሉም ሲሄድ ማድ ቤት ገብቶ ቆሞ ይበላል። ዛሬም ሰው ፊት ቁጭ ብሎ ረጋ ብሎ መብላት ይከብደዋል። ለእናቲቱ ያላት፦ ትሪውን ተዪው፣ የዘመድን አፍ ያዢ።

እኔ ከወጣቱ ጋር ነኝ። ክሩ ስለ ዘይትና ስለ ስኳር ብዙ አወራ፤ ልጁን ሹራብ ያስለበሰው ግን ምግብ አይደለም፣ ሰዎች የተናገሩት ነገር ነው። በዚህ ከተማ ሰላምታችን ራሱ ሚዛን ነው። ከሳህ፣ ወፈርክ ሳይባባል የሚለያይ ሰው የለም።

መልስ 16። ሹል መልስ መጣ። በአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ የሠራ ሰው ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የአማራ ክልል ልጆች ከመቶ 46ቱ የቀነጨሩ ናቸው፤ የአገሪቱ አማካይ 38 ነበር። ልጆች በምግብ እጥረት ቁመታቸው በሚቀርበት ክልል ስለ አንድ የሽምብጥ ልጅ ጉንጭ መጨነቅ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው አለ።

መልስ 17 እና 18። ሁለት ሰዎች ተከታትለው ወረዱበት፤ አንዱ ስድብ ስለቀላቀለ አድሚን አነሳው። ሌላዋ ግን በቁም ነገር መለሰች። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ ግቢ ውስጥ አሉ። የተከራዩ ልጅ ቀንጭሮ የባለቤቱ ልጅ ለስላሳ ይጠጣል። አንዱን ለማከም ሌላውን ማሳቀቅ አያስፈልግም። 16 ቁጥሩ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። ቢመለስ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሰውየው ያየውን ነው የጻፈው።

መልስ 19። ዐቢይ ጾም ነው፣ ልጁ ይጹም፣ በ55 ቀን ይስተካከላል የሚል።

መልስ 20። ዲያቆን የሆነ ተሳታፊ በለሰለሰ ቃል መለሰ። ልጆች በልማዳችን ከ7 ዓመት ጀምሮ ይጾማሉ፣ መልካም ነው፤ ግን ጾምን የሆድ ማጥፊያ ብለህ ለልጅ ካስተማርከው ሲያድግ ጾሙንም አመጋገቡንም ያበላሽበታል። ከዚያ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር ጨመረ፦ የጾም ምሳ ዕቃ ከፍተው ይዩ፤ ዳቦ፣ ፓስታ፣ የተጠበሰ ድንች፣ ሳምቡሳ። ወተትና እንቁላሉ ወጥቶ ዘይት ነው የገባው።

መልስ 21። ሙስሊም እናት ናት፣ በረመዳንም እኛ ቤት እንዲሁ ነው ብላ ሳቀች። ልጆቿ ግማሽ ቀን ጾመው በአፍጥር ሰዓት ሳምቡሳውን ይጨርሱታል። አሁን ቴምርና ሾርባ አስቀድማ፣ ሳምቡሳውን መጨረሻ ላይ ታወጣለች። ለምሳ ዕቃም የምታደርገውን ነገረችን፦ የተቀቀለ ሽምብራ፣ ድንች በካሮት፣ ሙዝ፣ ውኃ በጠርሙስ። ቆሎ ሲሆን ደግሞ ለጓደኞቹ ስለሚያካፍል ልጁ ራሱ ይጠይቃል።

መልስ 22። የሚያከሳ ሻይ የሚሸጥ ሰው ስልኩን ለጠፈ። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ! አድሚን አባረረው።

መልስ 23። የብስክሌት ጉዳይ። ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ ናት፤ ብዙዎቻችን ያደግነው በብስክሌት ነው። ዛሬ ልጁን ባጃጅ ከበር አንሥቶ በር ያደርሰዋል። ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመከራል፤ ይህ የግድ ስፖርት ቤት ማለት አይደለም። ከትምህርት ቤት በእግር መመለስ፣ ግቢ ውስጥ ኳስ፣ ውኃ መቅዳት፣ ሁሉም ይቆጠራል። ብቻ ለክብደትህ ነው አይባል፤ ከማን ጋር እንደሚሄድ ነው ልጁን የሚያጓጓው።

መልስ 24 እስከ 28። እዚህ ክሩ ወደ ሐይቁ ገባ። አንዱ ጣና ውስጥ ይዋኝ አለ፤ ሌላው ቢልሃርዝያን አስታወሰ፣ ሐይቁ ዳር የታወቀ ነው፤ ሦስተኛው አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ እንዳለ ጨመረ። ከዚያ እንቦጭ፣ ከእንቦጭ የዓሣ ዋጋ፣ ከዓሣ ዋጋ ቆሮሶ ይሻላል ወይስ አምባዛ። ከዚህ ሁሉ ለጉዳያችን የሚተርፈው አንድ ነው፦ ዓሣው ዘይት ውስጥ ከሚዋኝ በወጥ ወይም በከሰል ይሠራ። አንዲት እናት ደግሞ ጊዜው ራሱ ልጅን ብቻውን ከበር የሚያስወጣ አይደለም ስትል ሁሉም ዝም አለ።

መልስ 29። እንቅልፍ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት፤ ስልክ ይዞ የሚያመሽ ልጅ አይተኛም፣ ያልተኛ ልጅ ጣፋጭ ያምረዋል። የጻፈው አባት የልጆቹን ስልክ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ይሰበስባል። የራሱንስ? ብላ የጠየቀችው ሚስቱ መሆኗን ስናውቅ ሳቅን።

መልስ 30። ነርሷ ለመጨረሻ ጊዜ፣ ችላ የማይባሉትን ዘርዝራ። ልጁ እየወፈረ ቁመቱ ከቆመ፣ ተኝቶ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ አንገቱ ዙሪያ ቆዳው ጠቁሮ ከወፈረ፣ ውኃ እየጠማው ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት ከተነሣ ሐኪም ይየው፤ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም የሕፃናት ሐኪም አለ። ሲመዘን ቁጥሩ ጮክ ተብሎ እንዳይነገር፣ ምክሩም ልጁ ወጣ ካለ በኋላ እንዲሆን ወላጅ መጠየቅ ይችላል። ቤት ሚዛን አያስፈልግም፤ በጥቂት ወር አንዴ ጤና ተቋም መለካት ይበቃል።

መልስ 31። አንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ማንም ያልነካውን አነሳች፦ ልጁ ወፍራም ነኝ ወይ ብሎ ቢጠይቅስ? አይደለህም ብሎ መካድ አያዋጣም፣ መስታወት አለው። አዎ ብሎ ምክር መደርደርም አያዋጣም። መጀመሪያ ማን እንዲህ አለህ ብሎ መጠየቅ፣ የተሰማውን ማስጨረስ፣ ከዚያ ሰው በየተራው እንደሚረዝምና እንደሚሞላ መንገር። ሹራቡን አውልቅ ብሎ መታገል አይገባም፤ ሰፋ ያለ ስስ ሸሚዝ መግዛት ይቻላል። የቅጽል ስሙን ነገር ግን ለክፍል ኃላፊው መንገር የእናቲቱ ሥራ ነው፤ ልጁ አይላክበት።

መልስ 32። 1 ቁጥሩ አባት ተመልሶ፣ ይህ ሁሉ ለአንድ ልጅ ምሳ ነው ወይ፣ እኛ ማን እንዲህ አሰበልን ብሎ ተገረመ። 15 ቁጥሩ ወጣት ማንም ስላላሰበልን ነው ሲል መለሰለት። ትንሽ ተናከሱ፤ አልጽፈውም።

መልስ 33። እናቲቱ መጣች። ለስላሳው ከቤት ወጥቷል፣ ለሁሉም፤ ባሏ በጣም ያዘነው እርሱ ነው። ባጃጁ ጧት ብቻ ሆኗል፣ ከሰዓት ልጁ ከጎረቤት ልጆች ጋር በእግሩ ይመጣል። አማቷ ጊዮርጊስ ድረስ በልጁ መሸኘቱን ወደውታል፤ መንገድ ላይ ዳቦ ይገዙለታል፣ እርሱን እንዳላየች አልፋዋለች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ በሚያዝያ የዚያው የአጎት ቤት ሌላ ሠርግ አለ፣ ምን ታድርግ?

መልስ 34 እስከ 36። አትሂዱ ያሉ አሉ። እማማ ግን ሂዱ አሉ፣ አስቀድማ ግን ለአጎቱ ሚስት ትደውልና ልጆቹን እንድትቆጣ ትንገር፤ ይህን የምትነግር ዘመድ ከጠፋች እኔ እደውላለሁ ብለዋል። ቁጥሩን በውስጥ መስመር ተቀብለዋል።

መልስ 37። እናቲቱ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚሆን ያገለገለ ብስክሌት ያለው ካለ ስትል ጠየቀች።

መልስ 38 እና 39። ፔዳ አካባቢ የሚኖር ሰው አለኝ፣ ሰንሰለቱ ብቻ ነው የተበጠሰው አለ፤ የጠራውን ዋጋ ያየ የጎርደማው አባት ደግሞ በዚህ ገንዘብ አዲስ ይገዛል ብሎ ቆጣ አለ። ባለ ብስክሌቱ ዋጋውን ዝቅ አደረገ፤ ሰንሰለቱን ግን ገዢ ይጠግናል።